ሴል የሠራውን ፕሮቲን ለምን ያፈርሳል? ብዬ ጠይቄ የደረሰብኝ

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ሴል መከፈል እያስረዳሁ ሳለ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ሳይክሊን የሚባለው ፕሮቲን ሴሉ ሊከፈል ሲቃረብ እየተጠራቀመ እንደሚሄድ፣ ጫፍ ሲደርስ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ድራሹ እንደሚጠፋ ነግሬያቸው ነበር። ልጅቷ ታዲያ፣ ሊያፈርሰው ከሆነ ለምን ደክሞ ይሠራዋል ስትል ጠየቀች። ጽዳት ነው፣ ሥራ ሲያልቅ ቆሻሻ ይጠረጋል ብዬ አለፍኩ። ቁጭ አለች። ፊቷ ግን አልተቀበለኝም።

ማታ ጥያቄዋን መድረኩ ላይ ለጠፍኩት። የራሴንም አቋም ጨመርኩበት። ዋናው ቁጥጥር ፕሮቲን መሥራቱና ፎስፌት (ፕሮቲንን እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚያነቃና የሚያስቆም ትንሽ ኬሚካል) መለጠፉ ላይ ነው፣ ማፍረሱ ከኋላ የሚመጣ ጽዳት ነው፣ ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ አልኩ። ኢንተርኔት ላይ አርሙኝ ማለት ምን እንደሚያመጣ ማሰብ ነበረብኝ። የመጡትን መልሶች በራሴ አነጋገር በተራ በተራ አስቀምጣለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። ሰላምታ አቀረበ፣ ልጅቷን አመሰገነ፣ መልሱን እሱም እንደማያውቀው ተናግሮ ለመከታተል ቁጭ አለ። 2ኛው መጽሐፍ አንብብ ብሎኝ ሄደ። የትኛውን እንደሆነ አልጻፈም።

ነገሩ የሞቀው 3ኛው ላይ ነው። ጸሐፊዋ ውጭ አገር በሴል ባዮሎጂ ዶክትሬቷን እየሠራች ነው። ወደ 1982 መለሰችን፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዉድስ ሆል ወደሚባለው የባሕር ዳር የምርምር ጣቢያ። እንግሊዛዊው ቲም ሀንት የባሕር ጃርት እንቁላል አስጸንሶ፣ ጨረር የሚሰጥ ሜቲዮኒን ጨምሮበት፣ በየጥቂት ደቂቃው ናሙና እየወሰደ ያይ ነበር። አዲስ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ፊልም ላይ የሚያሳዩት መስመር ከናሙና ናሙና እየጠቆረ ሄደ። አንዷ መስመር ብቻ እምቢ አለች። ጠቆረች፣ ጠቆረች፣ እንቁላሉ ለሁለት ከመከፈሉ ወደ 10 ደቂቃ ቀደም ብሎ ጠፋች። ከዚያ እንደገና መጣች። እንደገና ጠፋች። ጽሑፉ በ1983 ወጣ፣ ስሟም ሳይክሊን ተባለ። ሀንት በ2001 ከሊላንድ ሃርትዌልና ከፖል ነርስ ጋር ኖቤል ተሸለመ። የጸሐፊዋ ነጥብ ይህ ነበር፤ ሰዎቹ ሳይክሊን ምን እንደሚሠራ ከማወቃቸው በፊት ያዩት መጥፋቱን ነው። እኔ ጽዳት ብዬ የጣልኩት ነገር የግኝቱ መነሻ ኖሯል።

4ኛው የባሕር ጃርት የሚባል እንስሳ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። 5ኛው አለ፣ እሾሃም ኳስ ነው አለ። 6ኛው ባሕር የሌለን ሰዎች የባሕር እንስሳ ስም እናወጣለን ብሎ ቀለደ። ለ7ኛው ይህ ቀልድ አልሆነም፣ ወደ አሰብ ወሰደው። አወያዩ መለሰን።

8ኛው እኔ ላይ መጣ። ቃሉ ሻከር ያለ ነው፣ ግን ትክክል ነበር። መምህር ሆኜ አንድ ቀላል ነገር እንዴት ሳልጠይቅ ቀረሁ? ሆዳችን ውስጥ ሥጋ የሚፈጩት ኢንዛይሞች ፕሮቲን ለመቁረጥ የሴል ጉልበት፣ ማለትም ኤቲፒ፣ አይፈልጉም። ሴሉ ውስጥ ግን ፕሮቲን ለማፍረስ ኤቲፒ ይከፈላል። ይህ በ1953 በጉበት ላይ ታይቶ ብዙ ዓመት ሳይፈታ የቆየ እንቆቅልሽ ነው። ቁልቁለት ለመውረድ ነዳጅ የሚከፍል ማን አለ? የሚከፈለው ለመቁረጡ ራሱ አይደለም፣ በተለይ ለምርጫው ነው። ይሄኛው ይሂድ፣ ይሄኛው ይቆይ ለማለት። እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩ።

9ኛዋ ሃይፋ የምትኖር ቤተ እስራኤላዊት ናት። እንቆቅልሹ የተፈታው እሷ ከተማ ውስጥ፣ ቴክኒዮን በሚባለው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ በኩራት ጻፈች። አቭራም ሄርሽኮና ተማሪው አሮን ቺካኖቨር ከፊላደልፊያው ኧርዊን ሮዝ ጋር ሆነው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በጥንቸል የቀይ ደም ሴል ጭማቂ ነው የሠሩት። በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል አገኙ። በሳይንስ ዘርፍ የመጀመሪያዎቹ እስራኤላውያን ተሸላሚዎች ናቸው። ልጇ የቤት ሥራ ሲሠራ ስማቸውን በዕብራይስጥ አንብቦላት እንደነበር፣ አሁን በአማርኛ ማየቷ እንዳስደሰታት ጨመረች። ይህችን መልስ ወደድኳት።

10ኛው አሠራሩን ዘረዘረ። ዩቢኪቲን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን አለ፣ 76 አሚኖ አሲድ ብቻ። እንዲፈርስ የተፈረደበት ፕሮቲን ላይ ይለጠፋል፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተቀጠለ ሰንሰለት ይሆናል። ፕሮቲያዞም የሚባለው በርሜል መሰል ማሽን ሰንሰለቱን አይቶ ፕሮቲኑን ይውጠዋል፣ ዩቢኪቲኖቹ ግን ተፈተው ለሌላ ሥራ ይመለሳሉ። ለጠፋው ሦስት ሠራተኛ አለው። አንደኛው ዩቢኪቲኑን በኤቲፒ ያነቃዋል፣ ሁለተኛው ይሸከመዋል፣ ሦስተኛው ተለጣፊውን ከተፈረደበት ጋር ያገናኛል። ሰው ውስጥ አንደኛው ዓይነት ሁለት ብቻ ነው፣ ሦስተኛው ዓይነት ከ600 በላይ። ብዛቱ ራሱ ይናገራል፣ ምርጫው እዚያ ነው።

ችግሩ፣ 10ኛው ሦስተኛውን ሠራተኛ ጠቋሚ ብሎ ጠራው። 11ኛው አንድ አረጋዊ ናቸው። በቀይ ሽብር ጊዜ ወንድማቸው በጠቋሚ እንደተወሰደ፣ ቃሉን በዋዛ እንዳንጠቀምበት ጻፉ። ክሩ ለአንድ ሰዓት ያህል ጭጭ አለ። 10ኛው በ12ኛው ላይ ጋሼ ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸው፣ ማኅተም መቺ በሚል ቀየረው። እኔም ከዚህ በኋላ እንደዚያ እላለሁ።

13ኛዋ የ3ኛዋ ዶክትሬት ሠሪ ናት፣ ተመልሳ መጣች። ሳይክሊንን የሚያጠፋው ማኅተም መቺ በ1995 በሁለት ላቦራቶሪ ተገኘ። የሄርሽኮ ቡድን ሳይክሎዞም አለው፣ የሃርቫርዱ የማርክ ኪርሽነር ቡድን ደግሞ አናፌዝ አራማጅ ውህድ፣ ባጭሩ ኤፒሲ (አናፌዝ ክሮሞዞሞች የሚለያዩበት ደረጃ ነው)። ማንም ስሙን አልለቀቀም፣ እስከ ዛሬ ሁለቱ ስም በእዝባር ተያይዞ ይጻፋል። እንደ ክርስትና ስምና እንደ ቤት ስም ነው አለች። አንድ ፕሮቲን እንዳይመስለን፤ የሰው ኤፒሲ 19 ቁራጭ የተገጣጠመበት፣ 14 ዓይነት ፕሮቲን ያለበት ግዙፍ ነገር ነው። ብቻውን ግን ዕውር ነው። ማንን እንደሚያትም የሚያሳዩት ሁለት ረዳቶች አሉ፣ መጀመሪያ ሲዲሲ20፣ ቀጥሎ ሲዲኤች1።

ቀጥሎ የመጣው ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ ነው፣ 14ኛው። የጻፈው የሚኒባስ ሾፌር የነበረ፣ አሁን ማታ ማታ የሚማር ሰው ነው። 13ኛዋ ጽፋው የነበረውን መቆጣጠሪያ፣ ክሮሞዞሞች ሁሉ ሳይያዙ ሴሉ ለምን እንደማይከፈል፣ በታክሲ ፈታው። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እያለ ይጮኻል። እሱ እየጮኸ ሾፌሩ አይነሳም። ሴሉ ውስጥም ገመድ፣ ማለትም ክሮሞዞሞችን ወደየጎኑ የሚጎትተው ክር፣ ያልያዘው ክሮሞዞም እንደዚያ ይጮኻል። ድምፁ ማድ2 የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሲዲሲ20ን ይይዘዋል፣ ስለዚህ ኤፒሲ አይነሳም። 45ቱ ተይዘው አንዱ ብቻ ቢቀር እንኳ የአንዱ ጩኸት ይበቃል። ጩኸቱ ሲቆም ማኅተሙ ይመታል፣ መኪናው ይንቀሳቀሳል።

15ኛው ረዳት ሦስት ሰው ሲጎድለው አንድ ሰው ብሎ እንደሚዋሽ አስታወሰ። 16ኛው ወያላ ማለት ነውር ነው፣ ረዳት በሉ አለ። ማንም ወያላ ሳይል! 17ኛዋ ግን ቁም ነገር ይዛ መጣች። ሾፌሩ የሚጠብቀው ና የሚል ትእዛዝ ነው ወይስ የጩኸቱን መቆም? በ1995 በታተመ ሥራ ኮንሊ ሪደርና ባልደረቦቹ የካንጋሮ ዘመድ ከሆነች እንስሳ የተወሰዱ ሴሎች ላይ ሞክረውታል። ገመድ ያልያዘውን የመጨረሻ ክሮሞዞም መያዣውን በሌዘር አቃጠሉት። ክሮሞዞሙ አልተያዘም፣ ዝም ብሎ ግን ቀረ። ሴሉ ተከፈለ። ወንበሩ ሳይሞላ ረዳቱን አፉን እንደመያዝ ነው። መልእክቱ ቆይ ነው፣ ሂድ የሚባል ነገር የለም።

18ኛው የመጀመሪያው ጠበኛ ነው። ኬሚስት ነኝ ይላል። ይህ ሁሉ ተረት ነው፣ ዋናው ሲዲኬ የሚባለው ፎስፌት ለጣፊ ነው፣ ሳይክሊን ቁልፉ ብቻ ነው፣ ፎስፌቱን ማንሳት ከቻልክ ማፍረስ ለምን ያስፈልጋል አለ። በዚያ ላይ 13ኛዋን ፕሮፌሰር ሳትሆኚ ብሎ ነካት። 19ኛውና 20ኛው ወረዱበት። እሱም አልተኛም፣ 21ኛውን ጻፈ፣ እዚህ የማልደግመውን።

እውነቱን ለመናገር ግን የእሱ ጥያቄ የእኔም ነበር። አቋሜ ያው ነበር። ስለዚህ 22ኛውን በጉጉት ነው ያነበብኩት። 13ኛዋ ሳትሳደብ ሁለት ሙከራ አስቀመጠች። አንደኛው የ1989 ነው። አንድሩ መሪና ኪርሽነር በእንቁራሪት እንቁላል ጭማቂ ውስጥ ጫፉ የተቆረጠ ሳይክሊን ጨመሩ። የተቆረጠው ማኅተም የሚመታበት ጫፍ ነው። ጭማቂው ክፍፍል መሃል ገብቶ እዚያው ቀረ፣ መውጣት አቃተው። ሁለተኛው በ2006 የታተመ ነው፣ እኔን የጣለኝም እሱ ነው። ተመራማሪዎቹ ፕሮቲያዞሙን በመድኃኒት አገዱት፣ ስለዚህ ሳይክሊኑ አልፈረሰም። ከዚያ ሲዲኬውን በሌላ መድኃኒት አጠፉት። ሴሎቹ ልክ ኬሚስቱ እንዳለው ከክፍፍል መውጣት ጀመሩ፣ ኒውክለሳቸውን መልሰው መሥራት ጀመሩ። ከዚያ ሲዲኬውን ያገደው መድኃኒት ታጠበ። ሴሎቹ ተመለሱ! ወደ ኋላ፣ ወደ ክፍፍሉ መሃል። ክሮሞዞሞቹ እንደገና ተጠቀለሉ።

ፎስፌት ይለጠፋል፣ ይነሳል፣ ይለጠፋል። የፈረሰ ፕሮቲን ግን አይመለስም፣ አዲስ እስኪሠራ ሰዓት ይፈጃል። በሩን ከኋላ የሚቆልፈው ማፍረሱ ነው። ልጅቷ ከኋላ ወንበር የጠየቀችው ይህንን ነበር፣ እኔ መጥረጊያ ሰጠኋት።

23ኛው ኬሚስቱ ነው። ለስለስ ብሎ ነበር፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሸነፈም፣ ሊሸነፍም አይገባውም ነበር። ኤስሲኤፍ ስለሚባለው ሌላ ማኅተም መቺ ጻፈ። ኤፒሲ ክፍፍሉን ሲጨርስ፣ ኤስሲኤፍ የዲኤንኤ ቅጂ የሚጀመርበትን በር ይከፍታል። እርሾ ውስጥ ቅጂው እንዳይጀመር የሚይዝ ሲክ1 የሚባል ፍሬን አለ። ኤስሲኤፍ ሲክ1ን የሚያውቀው ቢያንስ ስድስት ቦታ ላይ ፎስፌት ሲለጠፍበት ነው። አንድ ሁለት አይበቃም። በእኛ ሴል ውስጥ ፒ27 የሚባለውን ፍሬን የሚያስፈርሰውም ኤስሲኤፍ ነው፣ እሱም ፎስፌት አይቶ። ስለዚህ ያለ ፎስፌት ማኅተም የለም አለ። 24ኛዋ፣ አሁንም ያው 13ኛዋ፣ ተስማማች፣ አንድም ጨመረች። ሁለቱ ማኅተም መቺዎች አንዱ የሌላውን ሰው ያፈርሳል። ኤፒሲ የኤስሲኤፍን ዓይን፣ ኤስኬፒ2ን፣ ያትምበታል። ኤስሲኤፍ ደግሞ ኤፒሲን የሚያግተውን ኤሚ1ን ያትማል። የጎረቤት ዕዳ እንደመክፈል። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ወንድሜ እህቴ ሲባባሉ ነበር።

25ኛው አንድ እርማት ብቻ ነበረው። ከእኛ አንዳንዱ ኤፒሲ ክሮሞዞሞቹን የያዘውን ቀለበት ያፈርሳል ብሎ ጽፎ ነበር። አይደለም። መንትዮቹን፣ ማለትም የአንዱን ክሮሞዞም ሁለት ቅጂዎች፣ የያዛቸው ኮሄሲን ነው፣ የሚቆርጠው መቀስ ሴፓሬዝ ይባላል፣ መቀሱን አስሮ የያዘው ደግሞ ሴኩሪን ነው። ኤፒሲ የሚያስፈርሰው ሴኩሪንን ነው። አሳሪው ሲሄድ መቀሱ ይፈታል። ሴኩሪን የሌላቸው አይጦች ግን ተወልደው ይኖራሉ፣ ምክንያቱም መቀሱን ሲዲኬና ሳይክሊንም ይይዙታል። ሁለት ሰንሰለት ያለው በር ነው። 26ኛው ጭብጨባ ብቻ።

27ኛው ላይ ክሩ ወደ ሕክምና ዞረ። አንድ ሰው አባቱ የመቅኔ ካንሰር፣ ማይሎማ፣ እንዳለባቸው፣ ቦርቴዞሚብና ሌናሊዶማይድ እንደሚወስዱ ጽፎ፣ ከዚህ ወሬ ጋር ይገናኛል ወይ አለ። 28ኛዋ አሜሪካ የምትሠራ ፋርማሲስት ናት፣ በቀጥታ ይገናኛል አለች። ቦርቴዞሚብ ራሱን ፕሮቲያዞሙን ያግዳል፣ አሜሪካ ውስጥ በ2003 ነው የተፈቀደው። የማይሎማ ሴል ቀን ከሌት ፀረ እንግዳ አካል ስለሚያመርት የተበላሸ ምርቱ ብዙ ነው፣ ማፍረሻው ሲዘጋበት ይታፈናል። ሌናሊዶማይድ የበለጠ ይገርማል። የታሊዶማይድ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ያ ሕፃናትን አካለ ጎደሎ አድርጎ በ1961 ከገበያ የወጣው መድኃኒት። አንዱን ማኅተም መቺ ይዞ፣ ማይሎማው የሚኖርባቸውን ሁለት ፕሮቲኖች እንዲያትም ያደርገዋል። መጠኑን ሐኪማቸውን ጠይቅ፣ እዚህ አትጠይቅ ብላ ዘጋች።

29ኛው ሽፈራውና ጥቁር አዝሙድ በማር ኤፒሲን ያነቃል አለ። 30ኛው ማስረጃ ጠየቀ። 29ኛው በ31ኛው ላይ ፈረንጅ ያልጻፈውን አታምኑም አለን። ሰውየው የታመመ አባት እንዳለው ጽፎልን ይህ ምክር መምጣቱ አናደደኝ፣ እኔም 32ኛውን በንዴት ጻፍኩ፣ ጠዋት አጠፋሁት። ቁጥሩ ባዶውን ቀርቷል። 28ኛዋ ከእኔ ይልቅ በትዕግሥት ነው የመለሰችው። ከተክል የመጣ መድኃኒት እንደማትንቅ፣ ቪንክሪስቲን ከአበባ፣ ታክሶል ከዛፍ ቅርፊት እንደተገኙ፣ ሁለቱም ገመዶቹን ስለሚያበላሹ ረዳቱ ጩኸቱን እንዳያቆም እንደሚያደርጉ ጻፈች። ልዩነቱ ተለክቶ፣ ተፈትኖ፣ መጠኑ ታውቆ መሰጠቱ ነው።

33ኛዋ እናት ናት። ልጇ ዳውን ሲንድሮም አለባት። 21ኛው ክሮሞዞም ሦስት የሆነው ረዳቱ ሳይጮኽ ቀርቶ ነው ወይ? እኔ ያደረግኩት ነገር አለ ወይ? በዚህ ክር ውስጥ ከሁሉ አጭሯ መልስ ናት። 34ኛውን ማን እንደሚጽፈው ፈርቼ ነበር። የጻፉት 11ኛው፣ ጋሼ፣ ናቸው። ለካ ጡረታ የወጡ የማሕፀን ሐኪም ኖረዋል። የሴት እንቁላል ሥራውን የሚጀምረው ሴቲቱ ራሷ ሳትወለድ፣ እናቷ ማሕፀን ውስጥ ሳለች ነው። ከዚያ ቆሞ ይጠብቃል፣ 20 ዓመት፣ 30 ዓመት። መንትዮቹን የያዘው ቀለበት በዚያ ሁሉ ጊዜ ያረጃል። አብዛኛው ጊዜ ስህተቱ እዚያ ነው የሚፈጠረው። ዕድሜ ሲገፋ ይበዛል፣ ግን ወጣት እናቶችም ይወልዳሉ። የበላሽው፣ የጠጣሽው፣ ያሰብሽው ነገር አይደለም ልጄ አሏት።

ከዚያ ክሩ ዘና አለ፣ ዘና ማለትም ያስፈልገው ነበር። 35ኛው ፖል ነርስ የተመራመረበት እርሾ ስሙ ፖምቤ መሆኑን አነሳ። ፖምቤ በስዋሂሊ ቢራ ነው፣ እርሾው በ1893 ከምሥራቅ አፍሪካ የዳጉሳ መጠጥ ውስጥ ነው የተለየው። ይህን የሰማ ሁሉ ወደ ጠላ ሮጠ። ከ36 እስከ 41 ያለው ጌሾው ቅጠሉ ይሻላል ወይስ እንጨቱ የሚል ነው። ጎጃም አንድ፣ ሸዋ ሁለት አገኙ። እዘለዋለሁ፣ እናቴ ብትሰማ ግን ቅጠሉ የምትል ይመስለኛል።

42ኛው ሴል ለምን ትላላችሁ፣ ሕዋስ አይባልም ወይ አለ። መልስ የሰጠው የለም።

43ኛዋ የክፍሌ ልጅ ናት። ቲቸር ሊንኩን ስለሰጠን ብላ ገባች። ሌላ ጥያቄ ይዛለች፤ ኤፒሲ ሁሉን ካስፈረሰ እሱን ማን ያቆመዋል? ካልቆመ እንዴት ሳይክሊን እንደገና ይጠራቀማል? እኔ አላወቅኩም። 44ኛውን የጻፈችው 13ኛዋ ናት፣ ልጅቷን ዶክተር ብላ ጠራቻት። መጀመሪያ ሲዲሲ20 ራሱ ይታተምና ይፈርሳል፣ በሲዲኤች1 በኩል። ከዚያ የሚታተሙት እያለቁ ሲሄዱ፣ ኤፒሲ ዩቢኪቲን የሚያቀብለውን የገዛ ተሸካሚውን ያትመዋል። ይህ በ2004 ታትሟል። ሥራ እስካለ ተሸካሚው ይቆያል፣ ሥራ ሲያልቅ ተራው የሱ ይሆናል። ያኔ ሳይክሊን ቀስ ብሎ መመለስ ይጀምራል። 45ኛው ላይ ልጅቷ አመስግና፣ ቲቸር እንግዲያው ጽዳት አይደለም ማለት ነው አለችኝ። አይደለም አልኳት፣ በቃል፣ በማግስቱ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ።

46ኛው ቀልደኛ ነው። የሰው ክሮሞዞም 46 ነው፣ ክሩን እዚህ ላይ እንዝጋው፣ አንድ ቢጨመር ስህተት ነው አለ።

47ኛውን የጻፈችው ያቺ እናት ናት። ልጇ 47 እንዳላት፣ ዘጠኝ ዓመቷ እንደሆነ፣ ታክሲ ውስጥ ከረዳቱ ቀድማ የሰፈሩን ስም እየጠራች እንደምትጮኽ ጻፈች። 46ኛው ይቅርታ ጠየቀ። ያ 48ኛው ነው።